የወሊድ ገንዳችን፦ ውሃው፣ ሙቀቱና መውጫው

ሁለተኛ ልጄን በቤቴ ለመውለድ ባቀድኩ ጊዜ ከሌላው ዝግጅት ሁሉ ይበልጥ ያደከመኝ የወሊድ ገንዳው ነበር፤ ልጄ ግን የተወለደችው በገንዳው ውስጥ ሳይሆን ከገንዳው ሁለት እርምጃ ርቆ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በውሃ ውስጥ ስለ መውለድ የሚወራው ነገር ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ከውሃው ብቅ ከሚልበት ቅጽበት ተነሥቶ በዚያው ስለሚያበቃ ነው። በገንዳው ውስጥ ያሳለፍኳቸው ሦስት ሰዓታት ለምጤ ትልቅ እፎይታ ሆነውኛል። ልጄን የጠቀማት ግን አዋላጄ እንድወጣ በነገረችኝ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከውሃው መውጣት መቻሌ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ሊትር፣ ስለ ዲግሪና ስለ መውጫ ይሆናል።

ስለ ገንዳው ከማሰባችን በፊት መመለስ የነበረበት ጥያቄ ቤት ውስጥ መውለዱ ራሱ ለእኔ ይሆናል ወይ የሚለው ነበር። የመጀመሪያ ልጄን በሆስፒታል ያለ ችግር ወልጃለሁ፤ በሁለተኛው እርግዝና ደግሞ የደም ግፊቴ ጤናማ፣ ፅንሱ አንድ፣ አቀማመጡም በጭንቅላቱ ወደ ታች ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ከ64,000 በላይ ወሊዶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ቤታቸው ለመውለድ ካቀዱ የመጀመሪያ ወላጆች 45 በመቶ ያህሉ በምጥ ጊዜ ወይም ወዲያው ከወለዱ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል፤ ከዚህ በፊት ከወለዱት መካከል ግን የተወሰዱት 12 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያው ጥናት ለመጀመሪያ ወላጆች ቤት ውስጥ መውለድ በሕፃኑ ላይ የሚያስከትለው አደጋ ከሆስፒታሉ ከፍ ብሎ ሲታይ፣ ቀደም ብለው ለወለዱት ግን ልዩነት አልታየም። እነዚህን ቁጥሮች ከባለቤቴ ጋር ደጋግመን አንብበናል። የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ውሳኔዬ ሌላ ይሆን እንደነበር ለመናገር አላፍርም። መንታ ያረገዘች፣ ፅንሱ በመቀመጫው የመጣባት፣ ከ37 ሳምንት በፊት ምጥ የጀመራት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ያለ ወይም ደም የሚፈሳት እናት ስለ ገንዳ ከማሰቧ በፊት ስለ ሆስፒታል ማሰብ አለባት። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች እናትም ጉዳዩን ከሐኪሟ ጋር በግልጽ ሳትነጋገር መወሰን አይገባትም። ሥልጠናና ፈቃድ ያላት አዋላጅ በሌለችበት ቤት ደግሞ ገንዳ ጨርሶ ሊዘረጋ አይገባም።

ውሃው የሚሠራው ሥራ ምሥጢር የለበትም። እስከ ጡት ድረስ በውሃ የተከበበ ሰውነት አብዛኛውን ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል፤ በመሬት ላይ ከጎን ወደ ጎን ለመዞር የሰው እጅ የምትፈልግ ነፍሰ ጡር በውሃው ውስጥ በራሷ ትንበረከካለች፣ ትንጋለላለች፣ ታጎነብሳለች። ሙቀቱ ደግሞ የወገብንና የጭንን ጡንቻ ያላላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ኦዳን በፒቲቪዬ ሆስፒታል ምጥ ለያዛቸው ሴቶች ገንዳ ያስገባው ሕመም እንዲያስታግስላቸው እንጂ ሕፃናት በውሃ ውስጥ እንዲወለዱ አስቦ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ግን ከውሃው መውጣት አልፈለጉም፣ ሕፃናቱም እዚያው ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1983 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ መጀመሪያዎቹ 100 የውሃ ውስጥ ወሊዶች ጽፏል።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት እንደሚገባ አስተምረውኛል፤ በውሃ ውስጥ ማማጥ አንድ ነገር ነው፣ በውሃ ውስጥ መውለድ ደግሞ ሌላ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ 15 ሙከራዎችንና 3,663 ሴቶችን አንድ ላይ ተመልክቶ፣ በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ ውሃ ውስጥ መቆየት በጀርባ የሚሰጥ ማደንዘዣ የሚጠይቁትን ሴቶች ቁጥር እንደሚቀንስ ገልጿል። የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰጠው አስተያየት በውሃ ውስጥ ማማጡን ለጤናማ እናቶች ሲፈቅድ፣ ስለ መውለዱ ግን ማስረጃው በቂ አይደለምና ወሊዱ ከውሃ ውጭ ይሁን ብሏል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022 የነበሩ መረጃዎችን የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ደግሞ ችግር ያልታየባቸውን ከ60,000 በላይ ሴቶች አነጻጽሮ፣ በውሃ ውስጥ የወለዱት ከመውለዳቸው በፊት ከወጡት የበለጠ ጉዳት እንዳልደረሰባቸው፣ ሕፃናቶቻቸውም እንዲሁ መሆናቸውን አሳይቷል፤ እትብት የመበጠሱ ነገር ግን በውሃ ውስጥ ትንሽ በዝቶ ታይቷል። እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት፣ በገንዳው ውስጥ ማማጡን አጥብቄ እንድፈልገው፣ በገንዳው ውስጥ መውለዱን ግን ከሆነ እሰየው፣ ካልሆነም ምንም አይደለም ብዬ እንድተወው ነው። ይህ አቋም በኋላ ብዙ ረድቶኛል።

ገንዳውን መምረጡ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በአየር የሚነፋ፣ ለሁለት ሰዎች የሚበቃ፣ በውስጡ መያዣ እጀታዎች ያሉት፣ ወለሉም የተነፋ ለስላሳ የሆነ ገንዳ ወሰድን። የቤት መታጠቢያ ገንዳ ጥልቀቱ ሆድን አይሸፍንም፣ ስፋቱም ለመዞር አያመችም። የልጆች መዋኛ ገንዳ ደግሞ ግድግዳው ሰው ሲደገፍበት ይታጠፋል።

ባለቤቴን ያስጨነቀው ወለሉ ነበር፤ ጭንቀቱም ልክ ነበር። ውሃ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲይዝ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 500 ኪሎ ግራም ያሳርፋል፤ በዚያ ላይ የእናቲቱና የሚረዳት ሰው ክብደት አለ። የብዙ አገሮች የግንባታ ደንቦች ለመኖሪያ ቤት ወለል የሚያሰሉት ጭነት ደግሞ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ይህ ስሌት በክፍሉ ሙሉ ስፋት ላይ ለሚያርፍ ጭነት ስለሆነ አንድ ገንዳ የግድ ወለሉን ይሰብራል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በፎቅ ላይ፣ በተለይም በእንጨት ወለል ላይ የሚኖር ሰው ሙያተኛ ሳይጠይቅ 600 ሊትር ውሃ ባይሞላ ይሻላል። እኛ መሬት ላይ ባረፈ የኮንክሪት ወለል ላይ ስለምንኖር በዚህ በኩል ተገላገልን።

አሁን ወደ ውሃው። በ36ኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ገንዳውን ለሙከራ ነፍተን መሙላት ጀመርን። ያልሞከረ ሰው ዝግጅቱ ሁሉ ገንዳውን መዘርጋት ይመስለዋል። የእኛ ቦይለር የሚይዘው 100 ሊትር ሲሆን፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ደስ የሚል ሙቅ ውሃ ከወረደ በኋላ ቀዝቃዛ መጣ፤ በገንዳው ውስጥ የነበረው ውሃ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ብዙም አልሄደም። ከዚያም የጎማው መጋጠሚያ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ላይ ተፈናጥሮ ግድግዳውንና ባለቤቴን አጠባቸው። ያን ቀን ገንዳው አልሞላም። ማታ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን።

ስሌቱ ይህ ነው። ከቧንቧ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ 15 ዲግሪ፣ የቦይለሩ ውሃ ደግሞ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ 600 ሊትር ውሃ በ37 ዲግሪ ለማግኘት 293 ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል። 100 ሊትር የሚይዝ ቦይለር አንድ ጊዜ ተሙቆ ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ የሚሰጠው 204 ሊትር ብቻ ነው። ባለ 2 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ያንን 100 ሊትር እንደገና ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስድበታል። ሦስት ጊዜ ይሙቅ ብንል ከአምስት ሰዓት በላይ መጠበቅ ሊኖርብን ነው፤ የሁለተኛ ልጅ ምጥ ደግሞ ከመጀመሪያው የሚያጥር መሆኑ የታወቀ ነው። የጎደለውን በድስት ለመሙላት ወሰንን። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ሦስት ሊትር የማይሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ 37 ዲግሪ ስለሚያመጣ፣ 50 ሊትር የፈላ ውሃ 193 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። ሁለት ዙር የቦይለር ውሃና 50 ሊትር ከምድጃ፤ ሲደመር 601 ሊትር። ባለቤቴ ይህችን አንዲት ሊትር ትርፍ ለብዙ ቀን ሲኩራራባት ነበር።

የፈላ ውሃ ተሸክሞ መመላለስ የራሱ አደጋ አለው። ስለዚህ ባልዲው ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ፣ ክዳን እንዲኖረው፣ መንገዱ ላይ ምንጣፍና አሻንጉሊት እንዳይኖር፣ የፈላው ውሃም በባዶው ፕላስቲክ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በገባው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እንዲፈስ፣ እኔም ገንዳው ውስጥ እያለሁ ምንም የፈላ ነገር እንዳይጨመር ተስማማን። ውሃው በኋላ ሲቀዘቅዝ ለማሞቅ ደግሞ ከገንዳው በባልዲ ቀድቶ ማውጣትና በምትኩ ከቧንቧው የሚወርደውን ሙቅ ውሃ ከእኔ በራቀው ጫፍ እያማሰሉ መጨመር ነው። እስከ 500 ሊትር የሚደርስ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሳደግ 22 ሊትር ያህል የ60 ዲግሪ ውሃ ይበቃል። ሰው በማይኖርበት ሰዓት ገንዳውን ክዳን ማልበስ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

37 ዲግሪ የምለው በግምት አይደለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ የውሃው ሙቀት ከ37.5 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ የውሃውም የእናቲቱም ሙቀት በየሰዓቱ እንዲለካ ያዛል። ምክንያቱም ፅንሱ ሁልጊዜ ከእናቱ በግማሽ ዲግሪ ያህል የሚሞቅ በመሆኑና ሙቀቱን የሚያስወጣው በእርሷ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ እናቲቱ ስትግል እርሱ ይበልጥ ይግላል፤ የልቡም ምት ይፈጥናል። ምጥ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ሙቀት ስለሚያስታግሳት «ትንሽ ጨምሩልኝ» ማለቷ አይቀርም፤ እኔም ብያለሁ። በቴርሞሜትሩ ላይ ሥልጣን ሊኖረው የሚገባው ከውሃው ውጭ ያለ ሰው ነው። ፊቷ ከቀላና ካላባት ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ማጠጣት፣ ግንባሯን በረጠበ ጨርቅ ማበስ፣ ካልበረደላትም ለጥቂት ጊዜ እንድትወጣ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከሙቀቱ ቀጥሎ ያለው ንጽሕናው ነው። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ለወሊድ የሚዘጋጀው ውሃ በዚሁ መሐል ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 እንግሊዝ ውስጥ በቤት ገንዳ ውስጥ የተወለደ አንድ ሕፃን በዚህ ባክቴሪያ በሚመጣ የሳንባ ምች ከታመመ በኋላ፣ የጤና ባለሥልጣናት የራሳቸው ማሞቂያና ውሃውን የሚያዞር ፓምፕ ያላቸው ገንዳዎች ከምጥ በፊት ቀደም ብለው ተሞልተው እንዳይቀመጡ አስጠንቅቀዋል። «ገንዳው ተሞልቶ ይጠብቀኝ» የሚለው ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኝ ነበርና ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ገንዳው ቀደም ብሎ ሊነፋ ይችላል፤ ውሃው ግን ምጡ ከጀመረ በኋላ ከቧንቧ ይምጣ። ጎማው አዲስና ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ይሁን፤ የአትክልት ቦታ ውስጥ ሲጎተት የከረመ አይሁን። ከመሙላቱ በፊትም ቧንቧው ለጥቂት ደቂቃ ተከፍቶ ይፍሰስ። ገንዳው ውስጥ የሚነጠፈው የፕላስቲክ ሽፋን አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚጣል ነው። አንድ ትንሽ ማጥለያም ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ ወልዳ የምታውቅ ሁሉ ታውቃለች፤ በዚያ ሰዓት ማንም አይሳቀቅበትም። ዘይት፣ ሽቶና የገላ መታጠቢያ አረፋ ገንዳው ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ሰውነትንም ሕፃንንም ያንሸራትታሉ።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የስልክ ቻርጀርና የሚሞቅ መብራት ሁሉ ከገንዳው ርቀው ይሁኑ። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ የተሞላ ገንዳ ለአንድ አፍታ እንኳ ያለ ጠባቂ አይተውም፤ የአራት ዓመቱ ልጃችን ያን ሌሊት እናቴ ዘንድ አድሯል።

የገንዳውን ነገር በሙሉ የቀየረብኝ አዋላጄ በ37ኛው ሳምንት ቤታችንን ልታይ በመጣች ጊዜ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። ገንዳውን፣ ድስቶቹን፣ ቴርሞሜትሩንና በሰሌዳ ላይ የለጠፍነውን ስሌት በኩራት አሳየናት። እርሷ ግን ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ራስሽን ስተሽ ብትወድቂ ማን ነው የሚያወጣሽ? በየት በኩል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ገንዳውን ያስቀመጥነው ለዓይን እንዲያምር ብለን በክፍሉ ማዕዘን ነበር፤ ሁለት ወገኑ ግድግዳ፣ ሦስተኛው ሶፋ። ሰው የሚቆምበት አንድ ወገን ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ወደ በሩ ሳይሆን ወደ መስኮቱ የሚያይ።

በዚያው ቀን ልምምድ አደረግን። እኔ በባዶው ገንዳ ውስጥ ተጋደምኩና ሰውነቴን ለቀቅሁት፤ ባለቤቴና እህቴ ሊያነሡኝ ሞከሩ። መጀመሪያ ላይ እየሳቅን ነበር። እኔ በደረቅ ልብስ፣ ገንዳውም ውሃ ሳይኖረው ሁለት ጎልማሶች የተነፋውን ግድግዳ ሊያሳልፉኝ አለመቻላቸውን ስናይ ሳቁ ቆመ። አዋላጇ ያስተማረችን በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚደረገው ሴቲቱን መጎተት ሳይሆን ከኋላዋ ሆኖ በብብቶቿ ሥር እጅን አስገብቶ ራሷንና ፊቷን ከውሃው በላይ መያዝ ነው። ውሃው ራሱ ስለሚያነሣት፣ ቶሎ ብሎ ውሃውን ማፍሰስ ክብደቷን ይመልስባቸዋል እንጂ አያግዝም። ሁለተኛው ሰው ለአምቡላንስ ይደውላል፤ ከዚያም ጠንካራ አንሶላ ወይም ለዚሁ የተሠራ መረብ ከሥሯ ያሳልፋል። በአየር የሚነፋው ገንዳ የላይኛው ቀለበት አየሩ ሲለቀቅ ወይም በጉልበት ወደ ታች ሲጫን ግድግዳው ዝቅ ይላል፤ ውሃው ወደ ክፍሉ መፍሰሱ በዚያ ሰዓት ማንንም አያሳስብም። በውሃው ላይ እያንሳፈፉ በዝቅተኛው ወገን በኩል ወደ ተነጠፈው ፍራሽ ማንሸራተት ነው። አየሩ የሚለቀቅበትን ክዳን የት እንዳለ ጨለማ ውስጥ እንኳ በእጁ ዳብሶ እንዲያገኘው ባለቤቴን ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

ራስን መሳት እምብዛም አያጋጥምም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እናቲቱ በሙሉ ልቦናዋ እያለች ከውሃው መውጣት የሚያስፈልጋት ሁኔታ ነው፤ የፅንሱ የልብ ምት ሲለወጥ፣ የእንሽርት ውሃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ሲፈስ፣ ደም ሲታይ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ የደም ግፊት ሲጨምር፣ ምጡ ሲቆም፣ ወይም እናቲቱ ድካም ሲጫናት። ፔቲዲን ወይም ሞርፊን የመሰለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የወሰደች ሴት ቢያንስ ለሁለት ሰዓት፣ ካንቀላፋችም እስክትነቃ ድረስ ወደ ውሃ አትገባም። እኛም ሶፋውን አውጥተን ገንዳውን በሦስት ወገን ሰው እንዲዞረው አድርገን አቀመጥነው፤ በመውጫው በኩል የማያንሸራትት ምንጣፍና አጭር ጠንካራ መርገጫ፣ ከእርሱም ቀጥሎ በፕላስቲክ የተሸፈነ ፍራሽ፣ ደረቅ ፎጣዎችና የአዋላጇ ዕቃ። ከፍራሹ እስከ ውጭ በር ያለውን መንገድ ቃሬዛ እንዲያልፍበት ነጻ አደረግነው። አዋላጇ አንድ ተጨማሪ ቃል አስገባችኝ፦ «ውጪ ካልኩሽ ውጪ፤ ምክንያቱን ከወጣሽ በኋላ እነግርሻለሁ»።

ምጡ የጀመረኝ በ40ኛው ሳምንት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ባለቤቴ ቦይለሩን አረጋግጦ ድስቶቹን ጣደ፤ እኔ ቶሎ ልግባ ስል አዋላጇ አቆየችኝ። ገና በጅምሩ ውሃ ውስጥ መግባት ምጡን ሊያቀዘቅዘው ይችላል። የማሕፀኔ በር አምስት ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ፣ ምጡም እየተቀራረበና እየጠነከረ ሲመጣ ገባሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ንቁ ምጥ የሚቆጠረው ከዚሁ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ነው። የመጀመሪያውን ቅጽበት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ሕመሙ አልጠፋም፤ በሁለት ምጥ መካከል ያለው ዕረፍት ግን እውነተኛ ዕረፍት ሆነ። መሬት ላይ ሳለሁ አንዱ ምጥ ሲያልፍ ሰውነቴ የሚቀጥለውን እየፈራ እንደ ተወጠረ ይቆይ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ግን እጆቼ በራሳቸው ተንሳፈፉ። ተንበርክኬ ክንዶቼን በገንዳው ጠርዝ ላይ አድርጌ ለሦስት ሰዓት ያህል ቆየሁ። አዋላጇ ውሃ በማይገባው ዶፕለር (የፅንስ ልብ ማዳመጫ መሣሪያ) በየ15 ደቂቃው፣ ምጡ ካለፈ በኋላ የፅንሱን ልብ ታዳምጥ ነበር፤ ወጥቼ እንድሸናም ሁለት ጊዜ አስገደደችኝ፤ ፊኛ ሲሞላ ሕፃኑ የሚወርድበትን መንገድ ያጠብባል። ውሃው አንድ ጊዜ ወደ 36 ወርዶ ባለቤቴ መልሶ አሞቀው።

የመግፋቱ ሰዓት ሲደርስ ማዳመጡ በየአምስት ደቂቃው ሆነ። እዚያው ብወልድ የሚደረገውን አስቀድመን አውቀነው ነበር፤ መቀመጫዬ ሙሉ በሙሉ በውሃው ውስጥ ይሁን ወይም ሙሉ በሙሉ ይውጣ እንጂ በመሐል አይሁን፤ የሕፃኑ ራስ ሲወጣ ማንም አይንካው፤ ምክንያቱም አየርና መነካካት እንዲተነፍስ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ሰውነቱ ሁሉ ሲወጣ ፊቱ በቅድሚያ፣ ወዲያውኑ፣ ግን እትብቱ ሳይወጠር ወደ ላይ ይነሣል፤ አንዴ አየር ያገኘ ፊት ዳግመኛ ወደ ውሃ አይመለስም። የእንግዴ ልጁ ግን፣ የሚፈሰው ደም መጠን በውሃ ውስጥ በትክክል ስለማይገመት፣ ከውሃው ውጭ እንዲሆን ተስማምተን ነበር።

ለመግፋት በጀመርኩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የፅንሱ ልብ ምጡ ካለፈ በኋላም ዝግ ብሎ ቆየና ቀስ እያለ ተመለሰ። አዋላጇ ድምፅዋን ሳትለውጥ «አሁን እንውጣ» አለች። ስለ ቃል ኪዳናችን አላሰብኩም፤ እግሬ ራሱ መርገጫውን አገኘው፤ ባለቤቴ በብብቴ፣ ሁለተኛዋ አዋላጅ በወገቤ ይዘውኝ ፍራሹ ላይ በአራት እግሬ ሆንኩ። ከውሃው ስወጣ የተሰማኝ የክብደት መመለስ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ አንድ ሰው በጀርባዬ ላይ የተጫነኝ መሰለኝ። ቦታ መለወጡ ረዳ፤ የልቡ ምት ተስተካከለ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጄ እትብቷ ሁለት ጊዜ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ተወለደች፤ አዋላጇ ፈታችላት፣ ወዲያውም አለቀሰች። እትብት አንገት ላይ መጠምጠሙ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜም አይጎዳም፤ ውሃው ውስጥ ብቆይም ምናልባት በደህና ትወለድ ነበር። አዋላጇ ግን በምናልባት ላይ አልተማመነችም።

ገንዳውን ባዶ ማድረጉ ከመሙላቱ ይቀላል። ባለቤቴ እየነጋ ሳለ በውሃ ውስጥ በሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ መጸዳጃ ቤቱ አፈሰሰው፤ ወደ 45 ደቂቃ ወሰደበት። ከሥር የቀረውን በባልዲ ቀዳው፣ የውስጥ ሽፋኑን ጠቅልሎ ጣለው፣ ገንዳውን በፀረ ጀርም መድኃኒት አጥቦ አደረቀው።

በቅርቡ እህቴ፣ እርሷም ሁለተኛዋን ስታረግዝ፣ ገንዳውን ጠየቀችኝ። ገንዳውን፣ ፓምፑንና ቴርሞሜትሩን ሰጠኋት፤ ሽፋኑንና ጎማውን አዲስ ግዢ አልኳት፤ ስሌቱ ያለበትንም ወረቀት ጨመርኩላት። ከሳምንት በኋላ ገንዳው ተነፍቶ የተቀመጠበትን ፎቶግራፍ ላከችልኝ፤ መጋረጃው፣ መብራቱ፣ ሁሉም ያማረ፤ ገንዳው ግን በማዕዘን፣ በሁለት ግድግዳና በአንድ ቁም ሣጥን መካከል። ያን ልምምድ ከእኛ ጋር የሠራችው እርሷ ራሷ ነበረች። ወዲያው ደወልኩላት፤ ቁም ሣጥኑን አስነሥታ ገንዳውን ወደ መሐል እስክትስበው ድረስም ስልኩን አልዘጋሁም።